ነጯ ክር

ካፒላሪ የምንላት የመስታወት ቱቦ ከክብሪት እንጨት ትቀጥናለች። ከከብቱ ጆሮ ላይ ትንሿን ደም ሥር ወጋ ስናደርግ የሚወጣውን ጠብታ ራሷ ስባ ትሞላለች። አንዱን ጫፏን ደፍነን ሴንትሪፊዩጅ ላይ እንጭናታለን። 5 ደቂቃ ተሽከርክራ ስትወጣ ደሙ ተለያይቷል። ከታች ቀዩ ይረጋል። ከላይ ቢጫው ፈሳሽ ይቀመጣል። በሁለቱ መካከል አንዲት ነጭ መስመር አለች። ልብ ካላሏት አትታይም። ከፈትል የተረፈች ክር ትመስላለች።

ከዓመታት በፊት ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያቆለቁለው የጎጃም ቆላ ለገንዲ ምርመራ ወርደን ነበር፤ ገንዲ የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው የከብት በሽታ ነው። ዋርካ ሥር ጠረጴዛ ዘረጋን፤ ጄኔሬተር አስነሳን። ከብቱ ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፎ ነበር። አንድ አባት በሬያቸውን ካስመረመሩ በኋላ አልሄዱም። አጠገቤ ቆመው፣ ቱቦዋን ወደ ብርሃን አንስቼ ሳይ አብረውኝ ያያሉ።

«ይቺ ነጯ ክር ምንድን ናት ልጄ?» አሉኝ።

«የበሬው ጠባቂዎች ናቸው አባቴ። በሽታ ሲመጣ የሚዋጉለት።»

ዝም ብለው አዩዋት። «ይችን ታህል ብቻ ናቸው?»

«በሽታ ሲመጣ ይበዛሉ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና በሬያቸውን እየነዱ ሄዱ። መልሴን ከትምህርት ቤት ነበር ያመጣሁት። ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ምን እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው፤ በአንዲት ላም።

እዚያች ክር ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። አምስት ዓይነት ናቸው። ስማቸውን ተማሪ ሆነን እንደ ዳዊት ነበር የምንደግመው፤ ኒውትሮፊል፣ ሊምፎሳይት፣ ሞኖሳይት፣ ኢዮሲኖፊል፣ ቤዞፊል። አምስቱን ሁሉ እዚህ መዘርዘር አልፈልግም። ስለ ኒውትሮፊል ግን ትንሽ ልበል፤ ከሁሉም በፊት ያወቅኳት እሷን ነውና፤ ስሟን ሳልሰማ።

ልጅ ሆኜ ጥጃ ስጠብቅ እሾህ የወጋኝ ቀን ስፍር ቁጥር የለውም። መጀመሪያ ምንም አይልም። በማግስቱ ያብጣል፤ ይግላል፤ ይጠዘጥዛል። ከዚያ መግል ይቋጥራል። እናቴ አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ወረንጦ እሾሁን ነቅላ፣ መግሉን ጨምቃ ታወጣዋለች። ያ መግል ለእኔ ቆሻሻ ነበር። ላቦራቶሪ ገብቼ ከላም ቁስል የተወሰደ መግል በማይክሮስኮፕ ያየሁ ቀን ግን ደነገጥኩ። አብዛኛው የሞተ ኒውትሮፊል ነበር። እግሬን ሊያድኑ መጥተው እዚያው የቀሩ ሴሎች ነበሩ እናቴ የጠረገቻቸው።

የሚገርመው፣ የዚህ ሁሉ እውቀት መነሻም እሾህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ኢሊያ ሜችኒኮፍ የሚባል ሩሲያ ያፈራው ተመራማሪ ጣሊያን ውስጥ መሲና ላይ ነበር። ብርሃን የሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ ወሰደና ትንሽ እሾህ ሰካበት። በማግስቱ ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውት አገኘ። አካል ራሱን የሚከላከለው እንግዳውን ከበው በሚበሉ ሴሎች ነው የሚለው ሐሳብ ከዚያ ተነሣ። በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ኤርሊክ ደግሞ ደምን በቀለም እያቀለመ ነጭ ሴሎችን በዓይነት የለየ ሰው ነው። ዛሬ እኛ በጊምሳ ቀለም ስላይድ ስናቀልም የእሱን መንገድ ነው የምንከተለው።

ሥራችን መቁጠር ነው። ደሙን 20 እጥፍ የሚያቀጥን ፈሳሽ እንጨምርበታለን። ፈሳሹ ቀዮቹን ያፈነዳና ነጮቹን ይተዋል። ከዚያ መስመር በተሰመረበት የመቁጠሪያ መስታወት ላይ በአራቱ ማዕዘን ያሉትን ቆጥረን በ50 እናባዛለን። የጤነኛ ላም ቁጥር በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ4,000 እስከ 12,000 ባለው ውስጥ ነው። ቀጥሎ ስላይድ ቀልሞ፣ 100 ሴል አንድ በአንድ እያዩ በዓይነት መለየት አለ። ይህኛው ትዕግሥት ይፈልጋል። ዓይን ይደክማል። እኔ ግን እወደዋለሁ። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ ላቦራቶሪው ጸጥ ሲል፣ የመቁጠሪያዋ ቀጭ ቀጭ ብቻ ሲሰማ፣ ከከብቱ ጋር ብቻችንን የምናወራ ይመስለኛል።

የላም ደም የራሱ ጠባይ አለው። በሰው፣ በውሻና በፈረስ ደም ውስጥ የሚበዙት ኒውትሮፊሎች ናቸው። በላም የሚበዙት ሊምፎሳይቶች ናቸው። በሰው ደም የሠለጠነ ተማሪ የላም ስላይድ መጀመሪያ ሲያይ «ይህቺ ላም ምን ሆናለች?» ይላል። ምንም አልሆነችም። የዶሮ ሲመጣማ ጭራሽ ይብሳል፤ የዶሮ ቀይ ሴል እንኳን አስኳል ስላለው ለሰው የተሠራው ማሽን ቀዩን ከነጩ መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ዶሮን በእጅ እንቆጥራለን።

ላም ላይ ሌላም ነገር አለ። መቅኔዋ ውስጥ የምታስቀምጠው የኒውትሮፊል ስንቅ ትንሽ ነው። ውሻ ብዙ አለው። ድንገተኛ ከባድ በሽታ ሲመጣ ውሻው ከስንቁ ያወጣና ቁጥሩ ወዲያው ይጨምራል። ላም ግን በመጀመሪያው ቀን ወይም ሁለት ቀን ያላትን ሁሉ ወደ ታመመው ቦታ ትልክና ደሟ ባዶ ይቀራል። ይህን ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይም መልሼዋለሁ።

ሁዳዴ ነበር። ከአንድ ቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ደም ላከ። ወረቀቱ ላይ «የተዳቀለች ላም፣ ከወለደች 3 ቀን፣ ትኩሳት አላት፣ መብላት አቁማለች» ይላል። ሌላ ምንም የለም። በዚያ ቀን ሥራ በዝቶ ነበር። ቆጠርኩ፤ 1,900። ተጠራጥሬ ደግሜ ቆጠርኩ፤ 2,000። ስላይዱን ቀልሜ ለነገ አቆየሁት። ውጤቱ ላይ «የነጭ ደም ሴል ጭማሪ አልታየም» ብዬ ጽፌ ላክሁ።

ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም። ጭማሪ አልነበረም። ያነበበው ሰው ግን የተረዳው «ኢንፌክሽን የለባትም» ብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም የጻፍኩት እንደዚያ አስቤ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከእኔ በዕድሜም በሥራም የሚበልጥ ባልደረባዬ ስላይዱን አየ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ነይ እስኪ እይ» አለኝ። ኒውትሮፊሎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ያሉትም ያልበሰሉ ነበሩ። የበሰለ ኒውትሮፊል አስኳሉ እንደ ጸሎት መቁጠሪያ ዶቃ የተከፋፈለ ነው። የእነዚህ ግን ሳይከፋፈል እንደ ማጭድ ጎብጧል። ዙሪያቸው ወደ ሰማያዊ አድልቷል፤ ውስጣቸው አረፋ ይዟል። መቅኔዋ ያላትን ጨርሳ ልጆቿን እየላከች ነበር።

«ቁጥሩ እኮ ዝቅተኛ ነው» አልኩት፤ ገና አልገባኝም።

«መንገድ ላይ ሰው ከጠፋ አገሩ ባዶ ነው ማለት ነው?» አለኝ። «ለቅሶ ቤት ሄዶ ነዋ!»

ወዲያው ደወልን። ላሚቱ ሌሊቱን ሞታለች። ባለሙያው ስለ ጡቷ ሲነግረን ነው ሁሉም የተገጣጠመው። አንደኛው ወገን አብጦ ደንድኖ ነበር። ሲታለብ የሚወጣው ወተት ሳይሆን ቅንጣት ያለበት ውሃ ነው። ከወሊድ ጋር ተያይዞ በሚመጣ ድንገተኛ የጡት ብግነት ነው የሞተችው። ኒውትሮፊሎቿ ሁሉ እዚያ ነበሩ፤ ጡቷ ውስጥ። እኔ የቆጠርኩት መንገዱን ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለው ብግነት ታክሞም ይገድላል ብሎ አጽናንቶኛል። እውነት ነው፤ ይገድላል። ግን እኔ አንድ ሙሉ ሌሊት ወስጄባታለሁ። ስልክ አንስቼ «ጡቷ እንዴት ነው?» ማለት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደምን የማየው እንደ መንገድ ነው። ኒውትሮፊል መቅኔ ውስጥ ትወለዳለች፤ በደም ውስጥ የምትቆየው ለሰዓታት ነው፤ ከዚያ ወደ ሥጋው ዘልቃ ትገባለች። ሊምፎሳይት ደግሞ ከንፍፊት ወደ ደም፣ ከደም ተመልሳ ወደ ንፍፊት ትመላለሳለች። ቤታቸው ሌላ ቦታ ነው። በገበያ ቀን የዳንግላን ወይም የቡሬን መንገድ ቆማችሁ ብትቆጥሩ ሰው ይበዛል። በበዓል ማግስት ብትቆጥሩ ጭር ይላል። ሁለቱም ቀን ግን የአገሩ ሰው ብዛት ያው ነው።

መንገዱን የሚቀይረው በሽታ ብቻም አይደለም። ከነጮቹ ከፊሎቹ የደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ነው የሚቆዩት። ከብቱ ሲደነግጥ ወይም ሲጨነቅ የሚረጨው ሆርሞን ከግድግዳው ያላቅቃቸዋል። ኒውትሮፊሉ ይጨምራል። ጭንቀቱ ከቆየ ደግሞ ሊምፎሳይቱ ይቀንሳል፤ የላሚቱ ደም የውሻ ደም ይመስላል። ከሩቅ በእግሩ ተነድቶ፣ ተጠልፎ ወድቆ፣ አራት ሰው ተጭኖት ደም የተወሰደበት በሬና ግቢው ውስጥ ቆሞ እያመነዠከ የተወሰደበት በሬ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም። ስለዚህ ዛሬ ናሙና ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ከብቱ ቀን ነው። ከየት መጣ? ስንት ሰዓት ተጓዘ? እንዴት ያዛችሁት? መቼ ወለደች? ጡቷን አይታችኋል? አንዳንድ ባለሙያ ጥያቄዬ ይሰለቸዋል። ይሰልቸው።

የላሚቱን ባለቤት ለማየት በሳምንቱ ሄድኩ። ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር። ባሌን ያጣሁ ያህል ነው የሚሉ፣ ጠና ያሉ እናት ናቸው። ላሚቱን ዳልቻ ነበር የሚሏት፤ እንደ መልኳ። ቡና አፈሉልኝ። ስህተቴን ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ቀኗ ነው ልጄ» አሉ። እኔን ለማሳረፍ እንዳሉት ገብቶኛል።

ከዚያ ጥጃዋን አመጡልኝ። ሴት ናት፤ ዓይኗ ንቁ። እናቷ ሳትታመም ከእንገሩ፣ ከመጀመሪያው ወተት፣ ጠብታ እንኳ ጠጥታ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«መቼ ጠብታ ብቻ! የመጀመሪያውን ቀን እንገሩን እሷው ናት የጨረሰችው። ጾም አይደል? ማን ይነካዋል?»

ይህን ስሰማ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

የሰው ልጅ ሲወለድ በሽታን የሚከላከሉ ፀረ እንግዳ አካላትን ከእናቱ ማህፀን ይዞ ይመጣል። ጥጃ ግን ምንም ሳይዝ ነው የሚወለደው። የላም የእንግዴ ልጅ አሠራር እነዚህን ትልልቅ ሞለኪውሎች አያሳልፍም። እናቲቱ ዕድሜ ልኳን ከታመመችባቸው በሽታዎችና ከተከተበቻቸው ክትባቶች ያጠራቀመችውን ሁሉ እንገሩ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። ፀረ እንግዳ አካላት ብቻ አይደሉም፤ ሕይወት ያላቸው የራሷ ነጭ ሴሎችም አሉበት። የጥጃው አንጀት ደግሞ እነዚህን እንዳሉ ወደ ደም የሚያስገባው ለጥቂት ሰዓት ነው። በየሰዓቱ እየጠበበ ሄዶ በአንድ ቀን ውስጥ በሩ ይዘጋል። በማግስቱ የተሰጠ እንገር ምግብ ይሆናል፤ ጥበቃው ግን ወደ ደም አይደርስም።

እኛ ቤት እንገር ሲመጣ በዓል ነበር። እናቴ በድስት አድርጋ በእሳት ታረጋዋለች። ቢጫ ሆኖ እንደ እንቁላል ይጋገራል። ጎረቤት ይጠራል፤ ልጆች እንሻማለን። ያን ጣዕም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህ «እንገር አትብሉ» ብዬ የምሰብክ ሰው አይደለሁም። ጥጃው ይቅደም ነው የምለው። በተወለደ በስድስት ሰዓት ውስጥ የክብደቱን አንድ አስረኛ ያህል ይጥባ። 25 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ ከሆነ 2 ሊትር ተኩል ማለት ነው። ከዚያ የተረፈውን ቤተሰቡ ይብላ፤ ጎረቤትም ይጠራ። ክትባት ሳይገዛ፣ ማቀዝቀዣ ሳይፈለግ፣ ከብት ቤቱ ውስጥ ያለ መድኃኒት ነው። ልጆቹ ተሻምተው በልተውት ጥጃው በሳምንቱ በተቅማጥ ሲሞት «ቡዳ በላው» ሲባል ስሰማ ሆዴ ይቃጠላል።

ዳልቻ ሞታለች። ነገር ግን ያጠራቀመችው በዚያች ጥጃ ደም ውስጥ ለወራት ሠርቷል። ጥጃዋ የራሷን ማምረት እስክትጀምር ድረስ የጠበቃት የሞተች እናቷ ነበረች።

እንገር ያላገኘ ጥጃ ምን እንደሚመስል ማሰብ ሲከብደኝ ስለ ደስታ አስባለሁ። የዛሬ ልጆች ቃሉን ሲሰሙ ሌላ ነገር ነው የሚመስላቸው። አያቶቻችን ደስታ የሚሉት ከብት የሚጨርሰውን ወረርሽኝ ነበር። ቫይረሱ ለይቶ የሚያጠቃው ሊምፎሳይቶችን ነው። የሚከላከሉለትን ቀድሞ ስለሚገድል ከብቱ ለሁሉም በሽታ ክፍት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 ድረስ በዘለቀው ክፉ ቀን በሬ አለቀ፤ ማረሻ ተሰቀለ፤ ሰው በረሃብ ረገፈ። ጎጃምም አልቀረላትም። ያ በሽታ በክትባት ተሸንፎ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። በየበረቱ እየዞሩ የከተቡ፣ ደም የወሰዱ፣ የመረመሩ ባለሙያዎች ሥራ ነው። ስማቸውን ማንም አያውቅም። እኔ በዚህ ሙያ የምኮራበት ነገር ካለ ይህ ነው። የበግና የፍየሉ ዘመዱ ግን ዛሬም አብሮን አለ፤ እሱም ሊምፎሳይት ነው የሚገድለው።

ገንዲ ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው። ተውሳኩ ክብደቱ ለነጮቹ ስለሚቀርብ ቱቦዋ ስትሽከረከር እነሱ አጠገብ ነው የሚያርፈው። ቱቦዋን እዚያ ላይ ሰብረን ስላይድ ላይ ስናፈስሰው ሲርመሰመስ ይታያል። ጠባቂውና ሌባው ጎን ለጎን። ሊምፎሳይቶቹ መልኩን አጥንተው ፀረ እንግዳ አካል ይሠሩበታል። ብዙው ያልቃል። ከመካከሉ ግን የላይ ልብሱን የቀየረ ይኖራል፤ እሱ ተርፎ ይራባል። እንደገና ያጠኑታል፤ እንደገና ይቀይራል። በሬው ትኩሳቱ መለስ ቀለስ እያለ የሚከሳው ለዚህ ነው። በዚህ መሀል አቅሙ ስለሚዳከም ሌላ ክትባት ቢሰጠው እንኳ በደንብ አይዝለትም። የክትባት ዘመቻ ሲመጣ ገንዲ ያለበትንና በረሃብ ያለቀውን ከብት አሰልፎ መውጋት ብቻውን አይበቃም የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። መጀመሪያ ገንዲው ይታከም። መኖም ይኑር።

ያኔ ዋርካው ሥር ለጠየቁኝ አባት ዛሬ የምመልሰው አለኝ። ይችን ታህል ብቻ አይደሉም አባቴ። እዚህ የሚያዩዋቸው መንገድ ላይ ያገኘናቸው ናቸው። የቀሩት መቅኔው ውስጥ፣ ጣፊያው ውስጥ፣ ንፍፊቱ ውስጥ፣ ጡቷ ውስጥ ናቸው። መንገዱ ጭር ካለ ደግሞ ቶሎ እንጠይቅ፤ ለቅሶው የት ነው?

ባለፈው ዓመት የዳልቻ ባለቤት ላቦራቶሪ መጡ። ጊደራቸው መብላት ቀንሳለች ብለው ነው። ከየት እንደመጣች፣ እንዴት እንደያዟት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኩ። እበቷን አየሁ፤ የጉበት ትል እንቁላል አለበት። ደሟን ቆጠርኩ፤ 8,400። ስላይዱን በዚያው ቀን ቀልሜ አየሁ። ከ100ው 58ቱ ሊምፎሳይት ነበሩ።

ቅጹ ላይ ስም የሚሞላበት ቦታ አለ።

«ስሟን ማን ልበል እማማ?»

«ምትኬ» አሉኝ።

ጻፍኩ። ካፒላሪዋን ከሴንትሪፊዩጁ አወጣሁ። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው «ያቺ የምትነግሪኝ ነገር ይቺ ናት?» አሉ። አዎ አልኳቸው። ቱቦዋን ከእጄ ወስደው በሁለት ጣታቸው ያዙና ወደ ብርሃኑ አነሷት። ከቀዩና ከቢጫው መካከል ያለችውን ክር ብዙ ጊዜ አይተው መለሱልኝ።